ስትሪሚንግ ስቲክ ለምትገዙና ለምትገጥሙ ደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን በሙሉ

ጉዳዩ፦ በቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ የዋይፋይ ስትሪሚንግ ስቲክ መግዛትንና መግጠምን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድመን ድርጅታችንን መርጣችሁ ስለምትገለገሉ ምስጋናችንን እናቀርባለን። ይህን ደብዳቤ እንድንጽፍ ያደረገን፣ «አልሠራም አለ» ተብለው ከሚመለሱልን ስትሪሚንግ ስቲኮች መካከል ብዙዎቹ በእኛ ጠረጴዛ ላይ ሲሞከሩ ያለ አንዳች እንከን የሚሠሩ ሆነው መገኘታቸው ነው። ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ ቤት ሲገባ የሚያስቸግረው፣ በአብዛኛው የሚያገኘው የኤሌክትሪክ ኃይል ስለማይበቃው ወይም ዋይፋዩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በደንብ ስለማይደርሰው ነው። ሁለቱም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እቤታችሁ ሆናችሁ ልታዩዋቸው የምትችሏቸው ነገሮች ስለሆኑ፣ እናንተም ሳትጉላሉ እኛም ሳንወቀስ እንድንግባባ የምናውቀውን እንደሚከተለው አቅርበናል።

በመጀመሪያ ዕቃው የሚያስፈልጋችሁ መሆኑን መለየት ይገባል። ስትሪሚንግ ስቲክ ከቤት ዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ ዩቲዩብን፣ ኔትፍሊክስንና የመሳሰሉትን ከኢንተርኔት እየተቀበለ በቴሌቪዥን ስክሪን ላይ የሚያሳይ፣ በኤችዲኤምአይ ፖርት (ምስልና ድምፅ አንድ ላይ በሚያልፍበት የቴሌቪዥን መሰኪያ) የሚሰካ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ሮኩ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን ሳጥን መሰል መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ ካቀረበ በኋላ፣ ጎግል በ2013 ክሮምካስትን፣ አማዞን ደግሞ በ2014 ፋየር ቲቪ ስቲክን አስከትለው መሣሪያው በኪስ የሚያዝ ሆኗል። ስማርት ቴሌቪዥን ኖሯችሁ የምትፈልጓቸውን መተግበሪያዎች ሳይንቀራፈፍ የሚከፍትላችሁ ከሆነ ግን፣ ለሽያጫችን ባይበጅም፣ ስቲክ እንድትገዙ አንመክርም። ስቲክ የሚጠቅመው ስማርት ላልሆነ ቴሌቪዥን፣ ወይም ስክሪኑ ደኅና ሆኖ ሶፍትዌሩ ላረጀበት ስማርት ቴሌቪዥን ነው፤ ለምሳሌ ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2019 ጀምሮ በአንዳንድ የቆዩ የሳምሰንግ ስማርት ቴሌቪዥኖች ላይ መሥራት ሲያቆም፣ ቴሌቪዥን ከመቀየር ይልቅ የሚቀለው እንዲህ ያለ መሣሪያ መሰካት ነበር።

ለመግዛት ከወሰናችሁ፣ ከመምጣታችሁ በፊት የቴሌቪዥናችሁን ጀርባና ጎን በሞባይላችሁ ፎቶ አንሥታችሁ አምጡልን። ከፎቶው የምንፈልገው ክፍት የኤችዲኤምአይ ፖርት መኖሩን፣ በዙሪያው ስቲኩን የሚያስገባ ስፋት መኖሩንና ፖርቱ ከግድግዳው ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። ቴሌቪዥናችሁ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ መሰኪያ ብቻ ያለው የቆየ ዓይነት ከሆነ መቀየሪያ ሳጥን ያስፈልገዋል፤ እዚህ ላይ ደንበኞች የሚሳሳቱት መቀየሪያው በሁለት ዓይነት ስለሚሠራ ነው። አንደኛው ከኤችዲኤምአይ ወደ ሦስቱ ቀለማት ይቀይራል፣ ለስቲክ የሚያስፈልገውም ይኼው ነው፤ ሌላኛው ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል፤ ሁለቱ በመልክ መንታ ስለሆኑ በላያቸው የተጻፈውን ሳያነቡ መግዛት ለስቲክ የማያገለግለውን ይዞ ለመግባት ይዳርጋል። ትክክለኛውን ብታገኙም የምስሉ ጥራት በቴሌቪዥኑ አቅም የተወሰነ መሆኑን እወቁልን።

4ኬ (ከኤችዲ በላይ ጥርት ያለ ምስል) የሚያሳይ ስቲክ ለሚጠይቁን ደግሞ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። ቴሌቪዥኑ 4ኬ ካልሆነ ስቲኩ ምስሉን 4ኬ ሊያደርገው አይችልም። ቴሌቪዥኑ 4ኬ ከሆነም፣ ስቲኩ የሚሰካበት ፖርት ኤችዲሲፒ 2.2 የተባለውን የቅጂ መከላከያ የሚቀበል መሆን አለበት፤ ቀደም ባሉ አንዳንድ 4ኬ ቴሌቪዥኖች ላይ ይህን የሚቀበለው ከፖርቶቹ አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ ምስሉ ዝቅ ብሎ ከታየ ወደ ሌላው ፖርት አዛውራችሁ ሞክሩ።

የኢንተርኔት ፍጥነትንና የዳታ ፍጆታን በተመለከተ፣ ኔትፍሊክስ ራሱ ለሙሉ ኤችዲ 5 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ለ4ኬ ደግሞ 15 ሜጋቢት በሰከንድ እንዲኖር ይመክራል። ይህ ለአንድ ስክሪን ብቻ የሚበቃ ሲሆን፣ በዚያው ሰዓት ሌላው የቤተሰብ አባል ቪዲዮ የሚያይ ከሆነ የእርሱም ይታከልበታል። የምትጠቀሙት ያልተገደበ ኢንተርኔት ካልሆነ በተለይ ተጠንቀቁ፤ በኤችዲ ጥራት አንድ ሰዓት ማየት እስከ 3 ጊጋባይት፣ በ4ኬ ደግሞ እስከ 7 ጊጋባይት ሊወስድ ስለሚችል፣ የሁለት ሰዓት ፊልም አንድ ትንሽ የዳታ ጥቅል ሊጨርስ ይችላል። በመተግበሪያው ወይም በአካውንታችሁ ውስጥ የምስሉን ጥራት ዝቅ የምታደርጉበት ማስተካከያ ስላለ መጀመሪያውኑ እርሱን ፈልጉ።

አሁን አብዛኛውን ችግር ወደሚያመጣው ወደ ኃይሉ እንመለስ። ቴሌቪዥኑ የዩኤስቢ ፖርት ስላለው ብዙ ደንበኞች የስቲኩን ገመድ እዚያው ላይ ይሰኩና ሶኬት ማባከኑ ምን ያደርጋል ይላሉ። የተለመደው የዩኤስቢ 2.0 ፖርት እንዲሰጥ የተወሰነለት ግማሽ አምፒር ሲሆን፣ ብዙ ስቲኮች ግን በ5 ቮልት 1 አምፒር ይጠይቃሉ። ስቲኩ በዚህ ኃይል ተነሥቶ የመክፈቻ ምልክቱን ሊያሳይ ይችላል፤ ቪዲዮ ሲጀመርና ዋይፋዩ ሥራ ሲበዛበት ግን ኃይሉ ያንሰውና ይጠፋል፣ እንደገና ይነሣል፣ ያንኑ ምልክት ደጋግሞ ያሳያል። ደንበኛው «ተቃጠለ» ብሎ የሚያመጣልን ይኼው ነው። በዚያ ላይ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ዩኤስቢውም አብሮ የሚጠፋ ከሆነ፣ ስቲኩ በእያንዳንዱ ቀን እንደ አዲስ ለመነሣት ጊዜ ይወስዳል፤ ሌሊት በራሱ የሚያወርዳቸው ማሻሻያዎችም ያመልጡታል። ስለዚህ በካርቶኑ ውስጥ የመጣውን ቻርጀርና ገመድ ተጠቅማችሁ በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ጋር እንድታገናኙት አጥብቀን እንመክራለን፤ በገመዱ ምትክ ረጅምና ቀጭን የስልክ ገመድ መጠቀምም ኃይሉን መንገድ ላይ ስለሚቀንሰው ያው ችግር ይመጣል።

ዋይፋዩም የራሱ ጠባይ አለው። ስቲኩ የሚቀመጠው ብረትና ኤሌክትሮኒክስ በበዛበት የቴሌቪዥን ጀርባ ስለሆነ፣ በእጃችሁ ያለው ሞባይል ጥሩ ሲግናል እያሳየ ስቲኩ ግን ሊዳከም ይችላል። በካርቶኑ ውስጥ አጭር የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ ካለ አትጣሉት፤ ስቲኩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በጥቂቱ ማራቅ ብቻውን ለውጥ የሚያመጣበት ጊዜ አለ። ራውተራችሁ ሁለት ዓይነት ሞገድ የሚሰጥ ከሆነ፣ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ሆኖ ግድግዳ ሲበዛበት ቶሎ ይደክማል፤ 2.4 ጊጋኸርዝ ደግሞ ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ነገር ግን የጎረቤት ራውተሮችና ማይክሮዌቭ ምድጃ ጭምር የሚረብሹት ሞገድ ነው። ራውተሩና ቴሌቪዥኑ አንድ ክፍል ውስጥ ካሉ የመጀመሪያውን፣ በመካከላቸው ግድግዳዎች ካሉ ሁለተኛውን መርጣችሁ ጀምሩ።

ከዚህ በኋላ መግጠሙ ብዙ አያስቸግርም። ስቲኩን ሰክታችሁ ቴሌቪዥኑን በራሱ ሪሞት ወደ ሰካችሁበት ኤችዲኤምአይ ቁጥር ቀይሩ፣ በአዲሱ ሪሞት ባትሪ አስገቡ፣ ስክሪኑ የሚያዛችሁን ተከተሉ። ሞባይል የሚጠይቅ ዓይነት ከሆነ፣ ሞባይሉና ስቲኩ በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው፤ ራውተሩ ላይ ለእንግዳ ተብሎ የተከፈተው ዋይፋይ ብዙውን ጊዜ መሣሪያዎችን እርስ በርስ እንዳይተያዩ ስለሚያደርግ ለዚህ አይሆንም። የመጀመሪያው ማሻሻያ ሲወርድ ረዘም ሊል ይችላል፤ ሳይጨርስ ከሶኬት አትንቀሉት።

በዚህ መካከል ስክሪኑ ኮድ አሳይቶ በሞባይል ወይም በኮምፒውተር እንድታስገቡት ሊጠይቃችሁ ይችላል። አድራሻውን በፍለጋ ከመፈለግ ይልቅ ስክሪኑ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል አስገቡት፤ የፍለጋ ውጤት ውስጥ የኩባንያዎቹን መልክ የያዙ የአጭበርባሪ ገጾች አሉና። «ለማስጀመሪያ ክፍያ አለው» የሚል ስልክ ወይም ገጽ ካጋጠማችሁ ማጭበርበር ነው፤ ሮኩ ለማስጀመር ምንም ዓይነት ክፍያ እንደማይጠይቅ በይፋ ያስታውቃል። ለኔትፍሊክስና ለመሳሰሉት የምትከፍሉት ወርሃዊ ክፍያ ከዚህ የተለየ መሆኑ ግልጽ ነው። «ሁሉም ቻናል በነጻ» ተብለው፣ ምንጫቸው የማይታወቅ መተግበሪያዎች ተጭነውባቸው የሚሸጡ ስቲኮችን እኛ አንይዝም፤ የአካውንታችሁን የይለፍ ቃል ማን እንደሚያነበው ዋስትና ልንሰጥ ስለማንችል ነው።

አንድ ቀን በድንገት መሥራት ቢያቆም፣ ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መመለስ (ያስገባችሁትን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስጀመር) የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይሁን። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስቶች በውስጣቸው የነበረው ዲጂታል ሰርተፍኬት (የመሣሪያውን እውነተኛነት የሚያረጋግጥ ፋይል) ጊዜው በማለፉ በየቦታው ሥራ ባቆሙ ጊዜ፣ ጎግል ተጠቃሚዎች መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ ሁኔታ እንዳይመልሱ አሳስቦ ነበር፤ የታገሡት ማሻሻያው ሲለቀቅ ተስተካክሎላቸዋል፣ የቸኮሉት ግን መልሶ ማስጀመሩ ራሱ አስቸገራቸው። እናንተም በቅድሚያ ስቲኩንና ራውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ጥቂት ቆይታችሁ መልሳችሁ ሰኩ፣ ከዚያም ሌላ የኤችዲኤምአይ ፖርት ሞክሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተስተካከለ ስቲኩን ብቻውን ሳይሆን የምትጠቀሙበትን ቻርጀር፣ ገመድ፣ ሪሞትና ማራዘሚያ አብራችሁ፣ በስክሪኑ ላይ የታየውንም ጽሑፍ ፎቶ አንሥታችሁ አምጡልን። ስቲኩ ብቻውን ሲመጣ በእኛ ቻርጀር ስለምንፈትሸው «ይሠራል» ብለን መልሰን ልንሰጣችሁ እንችላለን።

ከሰላምታ ጋር

የሽያጭና የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል