የቁስቋም ዕለት ወረፋ

ዴንቨር፣ ኮሎራዶ
ጥር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፤
ጎንደር

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ እኅቴም ሰላምታዬ ይድረሳት። አደራሽን እኅቴ፣ እየዘለልሽ አታንብቢላት፤ አንዳንዱ ነገር ለጆሮዋ አዲስ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ብትደግሚላት ደስ ይለኛል።

እማዬ፣ በኅዳር መጨረሻ ስልክ ስንነጋገር "ልጅቷን ምን አደረጋችኋት? ድምጿ ልክ አይደለም፤ ታማለች እንዴ?" ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔም "ትምህርት በዝቶባት ነው" ብዬ አለፍኩት። ዋሽቼሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። እውነቱ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ነው፤ እነሆ ዛሬ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ።

የልጅ ልጅሽ ቴይለር ስዊፍት የምትባል አሜሪካዊት ዘፋኝ ትወዳለች። "ለዘፈን ነው እንዲህ የሆነችው?" ብለሽ እንዳትቆጪ፤ ነገሩን ከሥሩ ስሚኝ። እዚህ ስንመጣ ስድስት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት ገብታ ለአራት ወር ያህል አፏን አልከፈተችም። አስተማሪዋ አስጠርታኝ "ልጅዎ መናገር ትችላለች ወይ?" እስከማለት ደርሳ ነበር። አንድ ቀን እየነዳሁ ሳለ የዚህች ዘፋኝ ዘፈን በሬዲዮ መጣ። ከኋላ ወንበር ሆና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ሳትስት አብራ ዘፈነችው። መኪናውን መንገድ ዳር አቁሜ አዳመጥኳት። እንግሊዝኛ የጀመረችው ያን ቀን ነው። ስለዚህ እኔም የዚህች ሴት ውለታ አለብኝ።

ዘፋኟ ለአራት ዓመት ያህል በየከተማው እየዞረች አልዘፈነችም ነበር። ባለፈው ጥቅምት ማለቂያ ላይ እንደገና ልትዞር እንደሆነ ተነገረ፤ ወደ እኛም ከተማ በሐምሌ 7 እና 8 ትመጣለች ተባለ። ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤት ሕፃናት እየጠበቀች ያጠራቀመችው 310 ዶላር በአሮጌ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ነበራት። የተራው ቲኬት ዋጋ ከ49 እስከ 449 ዶላር ነበር። አንድ ለራሷ፣ አንድ ለእናቷ ልትገዛ አሰበች፤ የጎደለውን እኔ ልሞላ ተስማማን።

እዚህ አገር ለእንዲህ ያለ ትልቅ ዝግጅት ቲኬት የሚቆረጠው መስኮት ላይ ቆመው አይደለም። አስቀድመሽ በኢንተርኔት ትመዘገቢያለሽ። ከተመዘገበው ሁሉ የተመረጠው ብቻ ቁጥር በስልኩ ይላክለታል፤ ያ ቁጥር የሌለው ሽያጩ በተከፈተበት ቀን መግባት አይችልም። ለልጄ ቁጥሩ ሲደርሳት ቤቱን በእልልታ አናወጠችው። እኔና እናቷም ነገሩ ያለቀ መስሎን እቅፍ አድርገን ሳምናት።

ሽያጩ የተከፈተው ማክሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን ነው። የቁስቋም ዕለት! በጠዋት ተነስቼ ለአንቺ ደውዬ ነበር፤ ጉልበትሽ እያመመሽ ዳገቱን ወጥተሽ አንግሠሽ መመለስሽን ነገርሽኝ። እናንተ የጽጌን ጾም ፈትታችሁ እራት ስትቀርቡ፣ እኛ ደግሞ ኮምፒውተሩ ፊት ቀረብን። እኔ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ነበር፤ እሷም ከትምህርት ቤት አንድ ቀን ቀረች።

በመስኮቱ ላይ የሚታየው አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መስመር ናት። ከሥሯ "ከፊትዎ ከ2000 በላይ ሰዎች አሉ" ይላል። መስመሯ ትንሽ ፈቀቅ ትላለች፣ ትቆማለች። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት። ገጹን ብትዘጊው ወረፋሽ ይጠፋል ስለሚባል ልጄ ሽንት ቤት እንኳ ስትሄድ "አባዬ፣ ዓይንህን እንዳትነቅል" እያለች ነበር። ምሳዋን አልነካችም። ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተልን። የስታዲየሙ ሥዕል ወጣ፤ ባዶ ወንበሮቹ በሰማያዊ ነጠብጣብ ተሞልተዋል። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ መረጠች፤ ተጫነችው። "ሌላ ሰው ቀድሞዎታል" አለ። ሌላ መረጠች፤ ያው መልስ። ሰባት ጊዜ ያህል እንዲህ አደረገች፤ ጣቷ ይንቀጠቀጥ ነበር። በስምንተኛው ወንበሮቹን ይዞላት የባንክ ካርዴን ቁጥር ስትጽፍ፣ ገጹ ነጭ ሆኖ "ስህተት ተፈጥሯል" አለና አስወጣን። ስንመለስ ወደ ወረፋው ጅራት ነው የጣለን። ሲመሽ ምንም አልቀረም።

ያን ሰዓት ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ አዲስ አበባ ልትሸኚኝ መናኸሪያው በር ላይ የቆምንበት ሌሊት። ጎህ ሳይቀድ ጋቢሽን ተከናንበሽ፣ የስንቄን ቋጠሮ አቅፈሽ ከእኔ ጋር ተሰለፍሽ። ተራችን ሲደርስ "አልቋል" ተባልን። ዞር ስንል አንድ ደላላ ከአጥሩ ሥር ሆኖ ያንኑ ቲኬት በእጥፍ ይሸጣል። አንቺ ሄደሽ ክንዱን ያዝሽው። "ልጄ፣ እናት አለችህ? እሷ እዚህ ብርድ ላይ ቆማ ብታድር ይህን ታደርግባት ነበር?" አልሽው። አንገቱን ደፍቶ በትክክለኛው ዋጋ ሰጠን።

እማዬ፣ እኔ ክንዱን የምይዘው ሰው አጣሁ። ስልክ ስደውል የተቀዳ ድምፅ ነው የሚመልስልኝ። ደብዳቤ ብጽፍ "ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን" የሚል መልስ መጣልኝ። ባለ ቲኬቱም፣ ደላላውም፣ መስኮት ዘጊውም ፊት የላቸውም።

በዚያው ምሽት ደግሞ ቲኬቶቹ በሌሎች ድረ ገጾች ላይ አየር በአየር ሲቸበቸቡ አየን። ዘፋኟ እንደ ጉንዳን ከምትታይበት ከላይኛው ረድፍ አንዱ ወንበር 1,900 ዶላር። ይህ የቤት ኪራያችንን ያህላል። ቁጥር ላልደረሰው ሕዝብ ዓርብ ይከፈታል የተባለው ሽያጭም ሐሙስ ዕለት ተሰረዘ።

የሰው ብዛቱ ለማመን ያስቸግራል። ቁጥር ለማግኘት የተመዘገበው 3.5 ሚሊዮን ሰው ነው። በዚያች አንዲት ማክሰኞ ከ2 ሚሊዮን በላይ ቲኬት ተሽጧል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለአንድ ዘፋኝ በአንድ ቀን ይህን ያህል ተሽጦ አያውቅም ነበር። የቲኬት ሻጩ ድርጅት ኮምፒውተሮች 3.5 ቢሊዮን ጥያቄ ጎርፎባቸዋል። ይህ ሁሉ የሰው ጣት አይደለም፤ ቲኬት እየነጠቁ እንዲገዙ ተብለው የተሠሩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም በመካከላችን ተሰልፈው ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ብዙ ሕዝብ ጥቂት ወንበር ቢሻማ ዕጣ ነው ብዬ እቀበላለሁ፤ ከልጄ ቀድሞ ሌላ ልጅ ቢያገኝ እሰየው እላለሁ። እግር የሌለው፣ ምሳውን ያልተወ፣ ዘፈኑን ሰምቶ የማያውቅ ነገር ከፊቷ መቆሙን ግን ልቤ አልቀበል አለኝ። ይህን የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቷል፤ ነገር ግን ይህ ሽያጭ እስከተካሄደበት ቀን ድረስ በሥራ ላይ የዋለው በ2021 ሦስት የኒውዮርክ ቲኬት ነጋዴዎች በተቀጡበት ጊዜ ብቻ ነበር። ዘፋኟም ራሷ ተቆጥታ ጽፋለች፤ ይህን ያህል ሰው ትችሉታላችሁ ወይ ብለን ደጋግመን ጠይቀን እንችላለን ተብለን ነበር ብላለች።

ልጄ በዚያ ምሽት አላለቀሰችም። ያለቀሰችው ከቀናት በኋላ ነው። ማታ ማታ ወደ ክፍሏ ስገባ ጣቶቿን እያየች አገኛታለሁ። "ቶሎ ብጫነው ኖሮ" ትለኛለች። "ካርዱን አስቀድሜ ጽፌ ብቆይ ኖሮ።" በስልክ የሰማሽው ድምፅ ይህ ነው፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ራሷን ጥፋተኛ አድርጋ ፈርዳ። አንጀቴ ተላወሰ። ከእሷ ደብቄ 1,900ውን ከፍዬ አንድ ወንበር ልገዛ ካርዴን አውጥቼ ነበር። ደርሳ ያዘችኝ። "አባዬ፣ ተው። እኔ ወረፋዬን ጠብቄያለሁ፤ እነሱ ግን አልጠበቁም" አለችኝ። ካርዴን መለስኩት። ያን ጊዜ አንቺን መሰለችኝ፤ ዓይኗ ሳይቀር።

ባለፈው ማክሰኞ ነገሩ የአሜሪካ ሴኔት ድረስ ደርሶ የፍትሕ ጉዳዮች ኮሚቴው የድርጅቱን ኃላፊ ጠርቶ ጠየቀ። ኮንሰርት የሚያዘጋጅ ትልቅ ድርጅትና ቲኬት የሚሸጥ ትልቅ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ተዋሕደው አንድ ሆነዋል፤ ተፎካካሪ ከሌለ ለማን ብለው ይሻሻላሉ ሲሉ የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች አፋጠጡት። ኃላፊውም ይቅርታ ጠይቆ በፕሮግራሞቹ ጥቃት አሳበበ። ምን ፍሬ እንደሚያፈራ አብረን እናያለን። ልጄ ግን ከትምህርት ቤት ተመልሳ ቅጂውን እኔ አጠገብ ተቀምጣ ተመለከተች። ሲያልቅ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ቀጥሎ "እንግዲያው የእኔ ጥፋት አልነበረም" አለችኝ፤ በአማርኛ። በዚያ ሌሊት ደህና ተኛች።

የሻይ ቆርቆሮውን እስካሁን አልነካችውም። አሁን ያሰብነውን ልንገርሽ። ስታዲየሙ ከ76 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል፤ ጣሪያ ግን የለውም። ድምፁ ወደ ውጭ ይወጣል። እኔ ከወዲሁ ለሐምሌ 7 ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ሁለት ተጣጣፊ ወንበርና ቴርሞስ ይዘን፣ ከአጥሩ ውጭ ካለው ሣር ላይ ተቀምጠን እንሰማለን። እናቷም ትመጣለች፤ ዳቦ ጋግራ።

ሐምሌ 7 ሥላሴ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ መሄድሽ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ በዝናቡ ጭቃ ላይ እንዳትወድቂ እኅቴ ትያዝሽ። ለጉልበትሽ ሐኪም የሚሆን ገንዘብ በባንክ ልኬልሻለሁ፤ ሳትቆጥቢ ታከሚበት። ያን ዕለት ማታ ወደ ቤት ስትገቢ እዚህ ገና ጠዋት ይሆናል። እባክሽ ለልጅቷ ደውዪላት፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ።

ልጅሽ