እርግብግቢትህ ገጥሟል

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጣና ሰሞኑን ማዕበል ስለበዛበት አሳ አጥማጆቹ በጊዜ ይመለሳሉ።

እህትህ ነገረችኝ። ከብስክሌት ወድቀህ፣ ጭንቅላትህን አስፋልት መትቶህ፣ «ምንም አልሆንኩም» ብለህ ብቻህን ተኝተህ አደርክ አሉ። እኔን ይድፋኝ! ስልክ አንስቼ ልቆጣህ ነበር፤ መጻፍ ይሻላል ብዬ ተውኩት።

ሕፃን ሳለህ እርግብግቢትህን ቅቤ ስቀባህ ከጣቴ ሥር ትር ትር ይል ነበር። ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆንህ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ የራስ ቅልህ ዝግ ነው። ጠላ እንኳ ሲፈላ የጋኑን ምርጊት ገፍቶ ይተነፍሳል። ራስ ቅል ግን መተንፈሻ የለውም። አንጎል፣ ደምና 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ፈሳሽ ውስጡ ተጣበው ይኖራሉ። በምት ደም ከፈሰሰ ወይም አንጎሉ ካበጠ፣ መጀመሪያ ፈሳሹ ወደ አከርካሪ ወረድ፣ በደም መልስ ሥሮች ያለውም ደም ከራስ ቅል ወጣ እያለ ቦታ ይለቃል። ሰው ደህና የሚመስለው ለዚህ ነው። የሚለቀቅ ቦታ ሲያልቅ የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ባንዴ ያሻቅባል። ይህ ግፊት በጤነኛ አዋቂ ብዙውን ጊዜ ከ15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም፤ ከ22 ካለፈ ሐኪም ዝም ብሎ አያየውም። ግፊቱ ሲበረታ ደም ወደ አንጎል መድረስ ያቅተዋል፣ አንጎሉም ይብስ ያብጣል።

ድንገተኛ ክፍል ስሠራ ያየሁት አንድ ልጅ ከዓይኔ አይጠፋም። ከባጃጅ ወድቆ ጆሮ ግንዱን ተመታ። ተነስቶ ልብሱን አራገፈ፣ ሐይቁ ዳር ከጓደኞቹ ጋር አሳ ጥብስ በላ። ማታ ራሱን አመመው፣ አስመለሰው፣ ተኛ። ጓደኛው ማንኮራፋቱ አላምር ቢለው ቀሰቀሰው፤ አልነቃም። እኛ ጋ ሲመጣ ባትሪ አበራሁበት። የቀኝ ዓይኑ ብሌን ጠበበ፣ የግራው ሰፍቶ ቀረ፤ በራስ ቅሉ ውስጥ ግፊቱ በርትቷል ማለት ነው። ከጆሮ ግንድ በላይ ያለው አጥንት ስስ ነው፣ ከሥሩም ደም ሥር ያልፋል። እሱ ነበር የተቀደደው። ቅሉን በስተው የረጋውን ደም አወጡለት፣ ተረፈ። ያ ጓደኛው ባይኖር ኖሮ አይነጋለትም ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ራስህን ከተመታህ ብቻህን አትደር። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰህ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለህ፣ አንድ እጅህ ከዛለ ወይም ምላስህ ከተያዘ ይንጋ አትበል፤ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ይውሰዱህ። አስፕሪን እንዳትውጥ፣ መድማትን ያብሳል። ለሄልሜት ብር በአባትህ በኩል ልኬልሃለሁ።

ነገ ማታ እደውላለሁ። አሁንም ራስህን የሚያምህ ከሆነ እንዳትደብቀኝ።

እናትህ፣ ከባሕር ዳር