ይድረስ ለወንድሜ፣ ሞሪሸስ

ጤናህ እንዴት ነው? እኔም ቤተሰቡም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ዝምታውን ማን ጀመረው ብለን አንካሰስ፤ አንተም አልጻፍክ፣ እኔም አልጻፍኩ፣ ዓመታቱ ነጎዱ። አሁን ግን ስለ ሰርፊንግህ፣ በቦርድ ማዕበል ላይ ስለመንሸራተትህ፣ የጻፍከው ደብዳቤ ከነፎቶው ደርሶኛል።

የላክኸውን ፎቶ ለእናትህ አላሳየኋቸውም። ያን የተገሸለጠ ቅልጥምህን ቢያዩ ይኼኔ ለገብርኤል ተስለው ነበር። ኮራል፣ ያ አለት የመሰለ የባሕር ፍጥረት፣ የቧጠጠውን ቁስል ደግሞ ዝም ብለህ እንዳትተወው፤ ስብርባሪው ውስጥ ቀርቶ ያመረቅዛል። ቢያቃጥልህም በንጹሕ ውኃና በሳሙና ፈትገህ እጠበው።

እዚያ ሞሪሸስ፣ «ለ ሞርን» በሚባለው ዳርቻ ስላለው ማዕበል የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። እኛ እዚህ ሐዋሳ ሐይቅ፣ አሞራ ገደል ዳር ስናድግ «ጥልቁ ጋ እንዳትደርሱ» ነበር የምንባለው። እዚያ ግን የሚያስፈራው ጥልቁ አይደለም። ከወደ አንታርክቲካ አውሎ ነፋስ ያስነሣው ማዕበል ያን ሁሉ ጥልቅ ውቅያኖስ አቋርጦ ይመጣና ድንገት ኮራሉ ላይ ይወጣል። ሥሩን አለቱ ሲይዘው አናቱ ይቀድመዋል፤ ተጠቅልሎ ይደፋል። ከሥርህ ያለው ውኃ ደግሞ ከወገብ የማያልፍበት ጊዜ አለ! ተዳፋቱ ለዘብ ያለ አሸዋማ ዳርቻ ቢሆን እኮ ቀስ እያለ ይፈርስ ነበር።

ይኼ የገባኝ በ2016 ክረምት የፓሪስ ኦሎምፒክን ሰርፊንግ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ካለችው የፈረንሳይ ደሴት፣ ከታሂቲ፣ ሲያስተላልፉ ነው። እዚያ ሲነጋ እዚህ ይመሻል፤ ከራት በኋላ ቁጭ ብዬ አየሁ። በወንዶች ወርቁን የወሰደው ካውሊ ቫስት እዚያው ታሂቲ የተወለደ ልጅ ነው። ምኑ ይገርማል? እኛስ ጉማሬው የት እንደዋለ ቀዛፊዎቹን ሳንጠይቅ ውኃ ገብተን እናውቃለን?

ስለዚህ ከሆቴሉ እንግዶች ጋር ሳይሆን ከመንደሩ ልጆች ጋር ግባ። ባሕሩ ሲሸሽ ይቅርብህ። ስትወድቅ በአናትህ አትጥለቅ፤ ተዘርግተህ ውደቅ፣ ጭንቅላትህን በክንድህ ሸፍን። ኮራሉን አልፎ የገባው ውኃ በክፍተቱ ሲመለስ ይዞህ ከወጣ ፊት ለፊት አትታገለው፤ ወደ ጎን ቅዘፍ። (ከሐይቅ ያልወጣ ሰው ስለ ውቅያኖስ ሲመክር ሳቅህ ይሰማኛል።)

ከቦርዱ ላይ ቀና ስትል የሚታይህ ተራራ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች የተሸሸጉበት እንደሆነ አነበብኩ፤ ዩኔስኮም በ2008 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ወጥተኸዋል? ስለ ማዕበሉ ያን ያህል ጽፈህ ስለ እሱ አንድ መስመር አለማለትህ ከነከነኝ።

እዚህ ያው ነው። ጠዋት ዓሣው ሲራገፍ አባ ኮዳ የምንለው ትልቁ ወፍ ከሰው እኩል ይጋፋል፣ ጥሬውም በዳጣ ይቀርባል። ለታኅሣሥ ገብርኤል ከመጣህ ቦርዱን እዚያው ተወው፤ የእኛ ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ቢነሣበት እንኳ አንተን የሚሸከም ሞገድ የለውም።

ወንድምህ
ከሐዋሳ