ማህደሩን ክፈቱልን

ይድረስ ለመሬት ይዞታና ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

የንግድ ቦታ ወይም ሕንፃ ከመሸጡ በፊት አፈሩና የከርሰ ምድር ውሃው ተበክሎ እንደሆነ የማጣራት ሥራ ነው የምሠራው። ሰው ሕንፃ ሲገዛ ግድግዳውን ያንኳኳል፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያያል፣ ዕዳና እገዳ እንዳለበት ይጠይቃል። ከወለሉ በታች ምን እንዳለ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገጥመኝም።

ብዙ ሰው ሥራችን ቁፋሮ ይመስለዋል። የመጀመሪያው ዙር አካፋ እንኳ አያስፈልገውም። ቦታውን ዞሮ ማየት፣ ሰው ማነጋገር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የድሮ ወረቀት ማገላበጥ ነው። የንግድ ፈቃድ፣ የግንባታ ፕላን፣ ከአውሮፕላን የተነሳ የቆየ ፎቶ። (የሰፈሩ የድሮ ዘበኛ ከባለቤቱ የበለጠ እንደሚያውቅም ደርሼበታለሁ።) የሚያጠራጥር ነገር ከተገኘ ነው መሰርሰሪያው የሚመጣው፤ አፈር፣ ውሃና ከአፈር የሚወጣ ጋዝ ተወስዶ ላቦራቶሪ ይገባል። እሱ ግን ውድ ነው። የት እንደሚሰረሰር ካልታወቀ ደግሞ በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው።

አንድ ምሳሌ ልንገርዎት። በቅርቡ ያየሁት ሕንፃ ጓሮ ሲሚንቶው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነጣ ይላል፤ የአልጋ ያህል ስፋት አለው። አጠገቡ ግድግዳውን ተደግፎ እስከ ጣሪያ የወጣ ቀጭን የብረት ቱቦ አለ። ባለቤቱ “የድሮ የውሃ መስመር ነው” አለኝ። የውሃ መስመር ጣሪያ ላይ ወጥቶ አፉን ከፍቶ አይቀርም። የመሬት ውስጥ ነዳጅ ታንከር መተንፈሻ ነው የሚመስለው። ታንከሩ ወጥቷል ወይስ እዚያው ተዳፍኖ ቀርቷል? ሲያፈስስ ነበር?

መልሱ ማህደር ውስጥ እንደሚሆን ገምቼ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። “ለባለይዞታው ብቻ ነው የምናሳየው” ተባልኩ። የባለቤቱን ፊርማ ይዤ ተመለስኩ። “ከሱ በፊት የነበረው እሱንም አይመለከተውም” አሉኝ። የምፈልገው ደግሞ በትክክል ከሱ በፊት የነበረውን ነው!

ነዳጅ ቢያንስ ይሸታል። የልብስ ደረቅ እጥበት የሚሠራበት ፐርክሎሮኢትሊን ይብሳል። ከውሃ ስለሚከብድ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ አይንሳፈፍም፤ ሰንጥቆት ይወርዳል። ትነቱ ደግሞ በወለል ስንጥቅ ሾልኮ ቤት ውስጥ ይገባል። ላውንደሪው ተዘግቶ ስንት ዓመት ቆይቶ፣ ዛሬ እዚያ ቤት የሚውለው ሰው ሳያውቀው ይተነፍሰዋል።

አሜሪካ ውስጥ ኒያጋራ ፎልስ የሆነውን ያውቁት ይሆናል። ሁከር የተባለው ኬሚካል ኩባንያ ቆሻሻውን የቀበረበትን ላቭ ካናልን እ.ኤ.አ. በ1953 ለትምህርት ቦርዱ በ1 ዶላር አስተላለፈ። እዚያው ትምህርት ቤት ተሠራ፣ ዙሪያውም መኖሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1978 በተቀበረው ኬሚካል የተነሳ የአስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ቤተሰቦች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። እኔን የሚያንገበግበኝ ኬሚካል መቀበሩ በውሉ ላይ ተጽፎ የነበረ መሆኑ ነው። ወረቀቱ ነበር። ቤት የገዛው ሰው ጋ አልደረሰም እንጂ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአገሪቱ ሕግ የማጽዳቱን ዕዳ የዛሬው ባለቤት ላይም ጣለ፤ የቦታ ታሪክ ማጣራት እዚያ የተለመደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ማህደር ቢከፈት የቦታ ዋጋ ይወርዳል የሚሉ አሉ። ይወርዳል፣ አልክድም። አሁን ግን ልዩነቱን የሚከፍለው ምንም ያላወቀው ገዢ ነው። እኛም ንጹሕ አይደለንም፤ የአንዱን ቦታ ሪፖርት ለሌላው ኮፒ ፔስት አድርጎ የሚሸጥ ባለሙያ አለ። ማህደሩ ሲከፈት እሱም ይጋለጣል።

የምጠይቅዎት ብዙ አይደለም። ነዳጅ ማደያ፣ ጋራዥ፣ ላውንደሪ፣ ቆዳ ፋብሪካና የብረት ቅብ ሥራ የነበረባቸው ቦታዎች ዝርዝር ለማንም ጠያቂ ይታይ። የባለቤቶቹ ስም አያስፈልገንም። ታንከር ሲቀበርም ሲወጣም ቀኑና ቦታው ይመዝገብ። ዝውውር ከመፈጸሙ በፊትም የቦታው የቀድሞ አገልግሎት አንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ለገዢው ይሰጠው።

የዚያ ሕንፃ ገዢ እስካሁን አልፈረመም። ሁለታችንም መልስዎን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቦታ ምርመራ ባለሙያ