የቅዳሜው ፊልም፦ አይተነው ደግመን የምናየው

ውድ የፊልም ወዳጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

የፊታችን ቅዳሜ የምናየው የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ነው። «አይተነዋል እኮ» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ደግማችሁ እዩት የምለውም ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ ሳየው ትግሌ ሁሉ ታሪኩን መከተል ነበር። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር አንዴ ጀርመን ነው፣ አንዴ አዲስ አበባ፣ አንዴ የትውልድ መንደሩ። ትዝታው እየተቆራረጠ ነው የሚመጣለት። ሁለተኛ ጊዜ ግን ታሪኩን ስለማውቀው ዓይኔ አረፈ። የእናቱን ፊት ያኔ ነው በደንብ ያየሁት። ከስንት ዓመት በኋላ የተመለሰ ልጃቸውን ሲያዩት አንጀቴን በላኝ። ያንን ፊት መጀመሪያ እንዴት አለፍኩት? እንዲህ የሚያዩ እናቶች እኮ እዚሁ ቧንቧ ውሃ ሰፈራችን ሞልተዋል።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በአፍሪካ የፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት ወስዷል። ርዝመቱ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ስለሆነ እባካችሁ በሰዓቱ ኑ። አቦሉን ከፊልሙ በፊት እንጠጣለን፣ ቶናው መሐል ላይ ይደርሳል። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ አትርሱ።

ቀጣዩ የዚያው ዳይሬክተር «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ። ዝግ ያለ ነው። መጀመሪያ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ሲደጋገም ግን ዝምታው ራሱ ያወራል።

እናንተስ ደጋግማችሁ ያያችሁት የትኛውን ነው? ቅዳሜ ስትመጡ የፊልሙን ስምና የማትጠግቡትን አንድ ትዕይንት ይዛችሁ ኑ። የሚቀጥለውን ወር ፕሮግራም ከዚያ እናወጣለን።