የሬዲዮ ክበብ፦ የሰማነውን ስንመዘግብ የከረምንበት ዓመት

በደብረ ብርሃን ያለው የትምህርት ቤታችን የሬዲዮ ክበብ በ2017 ዓ.ም. አንድም ቃል ወደ አየር አላስተላለፈም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ወላጆች ደጋግመው ስለጠየቁን ነው። አማተር ሬዲዮ ለገንዘብ ሳይሆን ለዕውቀትና ለፍቅሩ ሲባል የሚደረግ የሬዲዮ ግንኙነት ነው። ለማስተላለፍ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የአገራችንን የሬዲዮ ሞገድ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እኛ ፈቃዱም ማስተላለፊያውም የለንም። ሥራችን ማዳመጥና የሰማነውን በትክክል መመዝገብ ነው። ከሁለቱ የከበደው መመዝገቡ ነበር።

ዕቃችን ጥቂት ነው። አንድ ያረጀ ላፕቶፕ አለን። ፍላሽ የሚያህል፣ አርቲኤል-ኤስዲአር የሚባል መቀበያ አለን። የቀረው ሽቦ፣ ገመድና ፒንሳ ነው። ዓርብ ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እንገናኛለን። የራሳችን ክፍል ስለሌለን የሰቀልነውን ሁሉ በዚያው ሰዓት ማውረድ አለብን። አንቴናችን ትንሽና ተንቀሳቃሽ እንዲሆን ያስገደደን ይህ ነው።

የጀመርነው ዳይፖል በሚባል ቀጥ ያለ የሽቦ አንቴና ነው። ስሌቱን የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይወጣዋል። 143ን በሜጋኸርዝ ለተጻፈው ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ስናካፍል የሽቦው ርዝመት በሜትር ይወጣል። ለ14.074 ሜጋኸርዝ 10 ሜትር ከ16 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። መሃሉ ተቆርጦ ሁለት እኩል ክንድ ይሆናል። በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ወጠርነው፤ ጥሩ ሰማ። ችግሩ ገመዱን ቅርንጫፍ ላይ አሻግሮ እስኪወጠር ሰዓቱ ያልቃል። የደብረ ብርሃን ነፋስም አያግዝም።

ስለዚህ ወደ ሉፕ አንቴና ዞርን። ይህ ክብ ሆኖ የታጠፈ ገመድ ነው፤ የኛው ወርዱ 1 ሜትር ነው። ገመዱ ከዲሽ ሥራ የተረፈ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ከተበላሸ ሬዲዮ ከተፈታ ተለዋዋጭ ካፓሲተር (ጣቢያ ለመፈለግ ከሚዞረው ክፍል) ጋር ይገናኛሉ። በውስጡ የወርዱን አንድ አምስተኛ የሚያህል፣ 20 ሳንቲም ወርድ ያላት ትንሽ ክብ ተቀምጣ ምልክቱን ወደ መቀበያው ታስገባለች። አንድ ነገር ለሚሞክሩ ልናገር። የዲሽ ገመድ የውጭ ሽፋን ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ሶልደር አይዘውም። እኛ በቪት በሚጠብቅ ማያያዣ አሰርነው፤ ካቻቢቴ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሉፑ በአንድ ጊዜ የሚሰማው ጠባብ የድግግሞሽ ክልል ብቻ ነው። ድግግሞሽ በቀየርን ቁጥር ካፓሲተሩን እንደገና ማስተካከል ይጠይቃል። ያን ጊዜ የጣት ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ በጥቂቱ ሲዞር ድምፁ በአንዴ ይፈካል። ለማስተላለፍ ቢውል ኖሮ ካፓሲተሩ ላይ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሊፈጠር ስለሚችል እጅ አይቀርብም ነበር፤ ለማዳመጥ ግን ምንም አደጋ የለውም። ትልቁ ጥቅሙ ዞሮ የሬዲዮ ጩኸትን መሸሽ መቻሉ ነው። በክቡ ዘንግ አቅጣጫ የሚመጣውን ምልክት እምብዛም አይሰማም። ተማሪዎቹ ሉፑን እያዞሩ ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ሲፈልጉ የአስተዳደሩ ቢሮ አምፖሎች ላይ ደረሱ።

አንድ ዓርብ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ። ጩኸቱ ወዲያው ወረደና ቀድሞ ያልነበሩ ጣቢያዎች ብቅ ብቅ አሉ። አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ መብራት ሲጠፋ ነው እንዴ የሚሻለው?» አለችኝ። አዎ። አምፖሉ፣ ቻርጀሩ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ የሬዲዮ ጩኸት ይረጫሉ። ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር የክበቡ አባላት ወደ ሉፑ ይሮጣሉ።

አሁን ወደ መዝገቡ ልምጣ፤ ዓመቱን የወሰደው እሱ ነው። የአማተር ሬዲዮ መዝገብ ቀን፣ ሰዓት፣ ድግግሞሽ፣ የስርጭት ዓይነት፣ የጥሪ ምልክትና የጥራት ደረጃ ይይዛል። የጥሪ ምልክት የጣቢያው መለያ ስም ሲሆን መነሻው አገሩን ይናገራል። የኢትዮጵያ ኢቲ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ይባላል። ሰዓቱ ግን የአገር ሰዓት አይደለም፤ በመላው ዓለም አንድ የሆነው ዩቲሲ ነው። ቀኑም በፈረንጆች አቆጣጠር ይጻፋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዱ በኛ ሰዓት፣ ሌላው በስልኩ ሰዓት ሲጽፍ መዝገቡ ተምታታ።

መፍትሔውን ያገኙት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። በኛ አቆጣጠር በቀን ከሆነ 3 ደምር፤ በማታ ከሆነ 15 ደምር። የክበባችን 9 ሰዓት 12 ይሆናል። የምሽቱ 1 ሰዓት 16 ይሆናል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ድምሩ 24 ስለሚሆን የዩቲሲ አዲስ ቀን ይጀምራል፤ ቀኑን መቀየር እንዳይረሳ። ለቀኑ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ በኤክሴል ሠንጠረዥ ሠራች። መስከረም 1 ቀን 2017ን ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ጋር አገናኝታ ጳጉሜንም ሳትረሳ ቀሪውን አስላችው። እኔ ካስተማርኩት በላይ ነው የሄደችው።

ፕሮግራሞቹ ነፃ ናቸው። መዝገቡ ሊኑክስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት በሚሠራው ሲኪውአርሎግ ላይ ነው። መዝገብ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚሻገረው አዲፍ በሚባል የጽሑፍ ቅርጽ ነው። በአዲፍ ከእያንዳንዱ መረጃ በፊት የፊደላቱ ብዛት ይጻፋል። ለኢቲ3ኤኤ ቁጥሩ 5 ነው። 4 ብለህ ብትጽፍ ፕሮግራሙ የመጨረሻዋን ፊደል ይጥላታል። ልጆቹ ፋይሉን በእጃቸው ከፍተው እንዲያዩት ያደረግሁት ለዚህ ነው።

ደካማ ምልክት የምንይዘው ኤፍቲ8 በሚባል፣ አጭር መልእክት በኮምፒውተር በሚነበብበት ዘዴ ነው። ይህን የስርጭት ዘዴ በ2009 ዓ.ም. ያወጡት ስቲቭ ፍራንክና ጆ ቴይለር ናቸው። ቴይለር በ1993 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙ ናቸው። መልእክቱ በየ15 ሰከንዱ ይላካል። የላፕቶፑ ሰዓት ከሁለት ሰከንድ በላይ ከተዛነፈ ፕሮግራሙ ምንም አያነብም። የኛ ላፕቶፕ ደግሞ ሰዓቱን የምትይዘው ትንሿ የውስጥ ባትሪ ሞታ ስለነበር በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳል። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ይህች ባትሪ እስክትለወጥ ድረስ አንድ ተማሪ ሥራው ሰዓት ከስልክ ማስተካከል ብቻ ነበር። በትጋት ሠርቶታል፤ አመሰግነዋለሁ።

ጊዜውም ረድቶናል። ፀሐይ በ11 ዓመት ገደማ ዑደቷ ከፍተኛ እንቅስቃሴ ላይ መድረሷን የአሜሪካ ተቋማት ናሳና ኖዓ በጥቅምት አሳውቀው ነበር። እንዲህ ሲሆን ከፍ ያሉት የአጭር ሞገድ ድግግሞሾች ለሩቅ ግንኙነት ይከፈታሉ። ለ28 ሜጋኸርዝ በቀርከሃ ላይ የታሰረ የ2 ሜትር ተኩል ሽቦ በቃን።

የዓለም የአማተር ሬዲዮ ቀን ሚያዝያ 10 ነው። በፓሪስ በ1925 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የአማተር ሬዲዮ ኅብረት በ2017 ዓ.ም. 100 ዓመቱን ደፈነ። ዕለቱ ስቅለት ስለዋለ በቀደመው ዓርብ አከበርን። ወላጆች የጣሊያን፣ የህንድና የሩሲያ ጣቢያዎች በካርታው ላይ ሲወጡ አዩ። አድራሻችንንም አስረዳናቸው። አማተሮች ምድርን በፊደልና በቁጥር ከፋፍለዋታል፤ ደብረ ብርሃን ኬጄ99 ውስጥ ናት። በመንዝ ያለችው መሐል ሜዳ ግን 10ኛውን የኬክሮስ ዲግሪ ስለምታልፍ ኬኬ90 ትሆናለች። የመንዝ ልጆች በዚህ በጣም ተደሰቱ።

ወደ ጣርማበር አፋፍ እንውጣ የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተነሥቶ ነበር። በዚያ ወቅት ሬዲዮና አንቴና ይዞ መንገድ መውጣት ለልጆች አይመችም ነበር፤ አልፈቀድሁም። የበልጉ ነጎድጓድ ሲሰማም ሁሉም አንቴና ይወርዳል። በዚህ ድርድር የለም።

መዝገቡንና ሉፑን የ12ኛ ክፍሎቹ ለ10ኛ ክፍሎቹ አስረክበዋል። ምዝገባ በመስከረም ይጀመራል። እቤት የተበላሸ የድሮ ሬዲዮ ያላችሁ ወላጆች ከመጣላችሁ በፊት ለክበቡ ላኩልን፤ ተለዋዋጭ ካፓሲተሩን እንፈልገዋለን።