የባሕር ዳር ሻንጣ ቦሌ ላይ እንዳይወርድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቢሾፍቱ የሚሠራውን አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ ጋር ስለሚያገናኘው ባቡር ሲነሣ ጉዳዩ የአዲስ አበባ ብቻ ይመስላል። ይበልጥ የሚነካው ግን ከባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣውን መንገደኛ ነው። ዛሬ ወደ ውጭ የሚሄድ የባሕር ዳር ሰው አንድ ሰዓት ያህል በርሮ ቦሌ ይደርስና ወደ ዓለም አቀፉ ተርሚናል በእግሩ ይሻገራል። የአገር ውስጡ በረራ እዚያው ቦሌ ሆኖ የውጭው ወደ ቢሾፍቱ ሲዛወር ግን በመሃል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ።

ባቡሩ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ዋናው ሻንጣው ነው። በርበሬና ሽሮ የታጨቀበት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዛ ልጇን ልትጠይቅ የምትሄድን እናት አስቡ። ቦሌ ላይ ተቀብላ፣ ጎትታ፣ ባቡር ላይ አውጥታ፣ ቢሾፍቱ ላይ እንደገና ልታስመዝን ነው? መፍትሔው የታወቀ ነው። ለባቡር ጣቢያው እንደ አውሮፕላን ማረፊያ የሦስት ፊደል ኮድ ይሰጠው፤ የጀርመኑ የኮሎኝ ዋና ባቡር ጣቢያ ኪው ኬ ኤል የሚል አለው። ያኔ ባቡሩ ቲኬቱ ላይ እንደ አንድ በረራ ይገባል። ባሕር ዳር ላይ ሻንጣው ላይ የሚታሰረው መለያ (ታግ) የመጨረሻውን ከተማ ሊይዝ፣ ሻንጣውንም የሚያሻግረው ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ቲኬቱ ለየብቻ ከተቆረጠ ግን በክረምት ደመናው ዝቅ ብሎ የባሕር ዳሩ በረራ ሲዘገይ፣ ላመለጠው ባቡርም ሆነ ቀጣይ በረራ ተጠያቂ አይገኝም።

ከውጭ ሲገባ ጉምሩክ አለ። ፍተሻው ቢሾፍቱ ላይ አልቆ ሻንጣውን እዚያው ባቡሩ በር ላይ ሠራተኛ መልሶ ይረከበው። ወደ አውሮፓና አሜሪካ የሚሄዱ ብዙ በረራዎች ደግሞ ሌሊት ነው የሚነሡት፤ ባቡሩ ማታ በጊዜ ሥራ ካቆመ ለእነሱ አይጠቅምም።

ዙሪክ እ.ኤ.አ. በ1980፣ የፓሪሱ ሻርል ደጎል በ1994 ጣቢያውን ከተርሚናሉ ሥር አድርገዋል። እኛ ዘንድ በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ቀላል ባቡር ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አልደረሰም፤ ከጅቡቲው መስመር የለቡ ጣቢያ ጋርም አልተገናኘም። ኋላ ላገናኝ ቢሉ መሬቱ ቀድሞ ይያዛል።

ጋዜጣችሁ የሚመለከታቸውን ይጠይቅልን፦ የሻንጣው መረካከቢያ ቦታ ቦሌ ላይ ከአሁኑ ተከልሏል?

በትኬት ሥራ ላይ ያለን፣ ከባሕር ዳር